የመንገደኛ አዝማሪ ውሻም ባለቤት አለው

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአንዳንድ ከተሞቻችን ውሾች በመርዝ ሲወገዱ ባለቤት ያለውና የሌለው፣ የተከተበውና ያልተከተበው ሳይለይ አብሮ ስለሚያልቅበት አሠራር፣ በተለይም ኑሯቸው መንገድ ላይ ስለሆነ ሰዎችና ስለ እንስሶቻቸው፣ አንባቢዎችም የከተማ አስተዳደሮችም እንዲያስቡበት ለመጠየቅ ነው። ጉዳዩ አገር ካለበት ችግር አንጻር ሲታይ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን አንድ ሌሊት ሙሉ አጠገቡ ስለተቀመጥሁ ትንሽ ነው ለማለት አልችልም።

እኔና ባለቤቴ አዝማሪዎች ነን። እሱ ማሲንቆ ይመታል፣ እኔ አዜማለሁ፤ ግጥሙን አንዳንዴ እሱ፣ አንዳንዴ እኔ እናወጣለን፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ታዳሚው ራሱ «ተቀበል» እያለ ይሰጠናል። ደሴ ላይ የተከራየናት አንዲት ክፍል ብትኖረንም በዓመት ውስጥ ከአራት ወር በላይ አናድርባትም። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪያዝ ድረስ ያለው ጊዜ የሠርግ ወቅት ስለሆነ ከቀበሌ ቀበሌ እንዞራለን። በሁዳዴ 55 ቀን የክርስቲያኑ ሠርግ ሲቆም የሙስሊሙ ደስታ ወዳለበት እንወርዳለን፤ ረመዳንና ሁዳዴ በተደራረቡባቸው በእነዚህ የቅርብ ዓመታት ግን ማሲንቆው ከግድግዳ ሳይወርድ፣ እኛም ተበድረን እየበላን ከርመናል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሰኞ ሰኞ ከባቲ ገበያ አንጠፋም፤ በመስከረም ደግሞ፣ የግሸን ማርያም በዓል በ21 ካለፈ በኋላ፣ በአምባሰል መንደሮች ውስጥ የሚጠራን ቤት አናጣም። ከአራቱ የአገራችን ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የተጠሩት በእነዚሁ በእግራችን በምንረግጣቸው ቦታዎች ስም መሆኑን ሁልጊዜ በኩራት አስባለሁ።

ለምን በመኪና አትሄዱም የሚለን ሰው ብዙ ነው። አስፋልቱ ከደሴ ወደ ወልድያ፣ ከኮምቦልቻም ወደ ባቲ እንደሚወስድ እናውቃለን። ሠርግ የሚደገሰው ግን አስፋልት ዳር ብቻ አይደለም፤ ከመኪናው ከተወረደ በኋላ ሁለትና ሦስት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ዳገትና ቁልቁለት አለ፣ ያንን መንገድ ደግሞ ሁለት ማሲንቆ፣ ፍራሽ፣ የድምፅ ማጉያና ባትሪ፣ የልብስ ሻንጣና የውኃ ጀሪካን ተሸክሞ መውጣት ለሁለት ሰው የማይቻል ነው። ስለዚህ ዳልቻ የምንላት አህያ አለችን። ስሟ የመልኳ ነው። ስድስት ዓመት አብራን ስትዞር ጀርባዋ አንድ ቀን ገጥቦ አያውቅም፤ ባለቤቴ ጭነት ከመጫኑ በፊት ድልዳሉን በእጁ ዳብሶ እሾህ ወይም እጥፋት እንደሌለበት ሳያረጋግጥ አይነሣም። ገጣባ አህያ እየነዱ ሠርግ ቤት የሚደርሱ የሙያ ባልደረቦቼን በዚህ አጋጣሚ እወቅሳለሁ፤ ከእንስሳ ጀርባ ላይ ሥጋ ገልጦ የመጣ ሰው የሚያወጣው ዜማ ለእኔ አይጥመኝም።

ከዳልቻ ጋር ደግሞ ቻለው ነበረ። ቻለው ውሻችን ነው። በአገራችን ለውሻ የሚወጣ ስም ለጎረቤት ወይም ለራስ የሚላክ መልእክት እንደሆነ አንባቢ ያውቃል፤ እኛም ስሙን ያወጣንለት ልጅ ከሞተብን በኋላ በነበረው ክረምት ስለነበር ስሙን በጠራን ቁጥር እርስ በርሳችን እንጽናና ነበር። ስምንት ዓመት ከእኛ ጋር ተጉዟል። ሥራውም ግልጽ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት አህያዋን ከጅብ ይጠብቃል። ያልታጠረ ግቢ ውስጥ አህያ አስሮ ማደር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጅብ ገና ከሩቅ ሲመጣ የቻለው ጩኸት ከሌላው ጊዜ ጩኸቱ ይለይ ስለነበር ባለቤቴ ከእንቅልፉ ሳይነቃ በፊት እጁ ዱላ ላይ ያርፍ ነበር።

በእግር የምንጓዘው በእንስሶቹ ሰዓት እንጂ በእኛ ሰዓት አልነበረም። ከደሴ ብርድ ተነሥተን፣ ሐረጎን ወርደን፣ ኮምቦልቻን አልፈን ወደ ባቲ ቆላ ስንወርድ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ እንላለን፣ ሙቀቱም በየቁልቁለቱ ይጨምራል። ውሻ እንደ ሰው በላብ ሰውነቱን ማቀዝቀዝ አይችልም፤ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፣ የጋለ አስፋልትም የእግሩን መዳፍ ይልጠዋል። ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ጥላ እንይዛለን፤ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ እንደገና እንነሣለን። ሠርግ ቤት ስንደርስ ቻለውን ከሞንታርቦው ርቆ ከአህያዋ አጠገብ ነበር የምናስረው፤ የውሻ ጆሮ ከእኛ ጆሮ እጅግ የላቀ ነውና። ማሲንቆውን ግን ይወደው ነበር። ባለቤቴ ማታ ማታ በደጋኑ ጭራ ላይ ዕጣን ሲያሽ ቻለው ገና ከዕጣኑ ሽታ ሥራ ሊጀመር መሆኑን ያውቅና መጥቶ እግሩ ሥር ይተኛል። «አስጨፍሩልን» ያሉን ሠርገኞች ነበሩ፣ ገንዘብም አውጥተው ነበር፤ እኛ ግን አንድም ቀን ለትርኢት አላቆምነውም። አብሮን የሚኖር እንጂ የምናሳየው አልነበረም።

ወሎ ውስጥ ከውሻ ጋር መጓዝ የራሱ ወግ አለው። ከማናርፍባቸው ቤቶች ይልቅ የምናርፍባቸው ይበዛሉ፣ ከእነዚህም እኩሌታው የሙስሊም ቤት ነው። ውሻ የላሰውን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ማጠብ በእስልምና የታዘዘ መሆኑን ስለምናውቅ ቻለውን ከደጁ አርቀን እናስራለን፣ ዕቃም አናስነካውም። አንድ ጊዜ ከሐርቡ በላይ ባለ መንደር «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» ብለን ከቆምንበት ደጅ አንዲት ሸምገል ያሉ እናት «ቤት ለእንግዳ» ብለው ካስገቡን በኋላ ውሻውን አይተው ጥቂት ዝም አሉ። እኔም «እማማ፣ እሱ ከውጭ ያድራል፣ ግድ የለም» አልኋቸው። እሳቸው ግን ወደ ጓሮ ዞረው የተሰበረ የእንስራ ገል ይዘው መጡና፣ ከአጥሩ ጥግ ጉድጓድ አድርገው አስቀምጠው፣ ውኃ ሞሉበት። «አብሽሪ ልጄ፣ ይኼ የሱ ነው፣ ሌላ ሰው አይነካውም። ውኃ የጠማውን ማጠጣት አጅር አለው» አሉኝ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው በኩል ስናልፍ ገሉ እዚያው ጥግ ላይ ተቀብሮ አገኘሁት። ይህን የማነሣው በመንደሮቻችን ዘንድ ሰውም ሃይማኖትም ውሻም የየራሱን ቦታ አግኝቶ ማደር እንደሚችል ስላየሁ ነው።

ከተማ ስንገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። የአልቤርጎ ባለቤቶች ውሻ ክፍል እንዲገባ አይፈቅዱም፣ ይህን አልቃወምም። ብዙዎቹ ግን በር ያለው ጓሮ የላቸውም፤ ካላቸውም ለመኪና ነው። ሃይሩፍ ላይ ስንሳፈር ለቻለው የአንድ ሰው ሒሳብ እየከፈልን ከእግራችን ሥር እናስቀምጠው ነበር፤ ያም ረዳቱ ደግ ሲሆን ነው።

ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር፣ ስሟን እዚህ መጥቀስ በማልፈልጋት አንዲት ከተማ፣ ከሠርግ ስንመለስ መሸብንና አልቤርጎ ያዝን። ዳልቻንና ቻለውን ከቤቱ ጀርባ፣ አጥሩ በወደቀ ጓሮ ውስጥ፣ ጎን ለጎን አሰርናቸው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዳልቻ ስታናፋ ሰምተን ወጣን። ቻለው በጎኑ ወድቋል፤ አራቱም እግሮቹ እንደ እንጨት ደርቀዋል፣ አንገቱ ወደ ኋላ ተቆልምሟል፣ ዓይኑ ግን እኛን ያያል። ገመዱ ልኩ እስከ መንገዱ ዳር ይደርስ ነበር፤ ከገመዱ ጫፍ አንድ ክንድ እንኳ በማይርቅ ቦታ ላይ የተበላ ሥጋ ላስቲክ አገኘን።

የአልቤርጎው ዘበኛ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቤት ስለሚያውቅ ሮጦ ሄዶ ቀስቅሶ አመጣልን፤ ለሁለቱም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ባለሙያው በባትሪ አይቶ መርዙ ስትሪክኒን ሳይሆን እንደማይቀር፣ ማርከሻም እንደሌለው ነገረን። ከዚያም ያለው አንድ ተስፋ ጨለማና ጸጥታ ብቻ መሆኑን አስረዳን፤ ይህ መርዝ ነርቭን ስለሚያስቆጣ ብርሃን ሲበራ፣ በር ሲንኳኳ፣ ሰው ሲናገር ሁሉ መንቀጥቀጡ እንደገና ይነሣል። ባለሙያው ያለውን ማደንዘዣ ወጋው፣ እኛም ነጠላዬን አልብሰን ከአጠገቡ ተቀመጥን። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ብቻ «ቻለው» ብሎ ጠራው። ድምፁን ሲሰማ መላ ሰውነቱ ተወጠረ። ከዚያ በኋላ ዕድሜያችንን ሙሉ በድምፅ የኖርን ሁለት ሰዎች ስሙን እንኳ ጠርተን ልናጽናናው ሳንችል፣ ሳል እንዳያመልጠን አፋችንን በእጃችን ይዘን አነጋን። ጀምበር ሳትወጣ አለፈ። የክትባት ወረቀቱ፣ የዓመቱ ማኅተም ያረፈበት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ጠዋት ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄድን። ያነጋገሩን ኃላፊ አልተቆጡም፣ አላመናጨቁንም፤ እንዲያውም አዝነዋል። የሰጡን መልስ ግን ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ነው። ነዋሪው ውሻውን ቤቱ ውስጥ እንዲያስር ከሦስት ቀን በፊት በመኪና ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ ተነግሯል አሉን። እኛ በዚያ ቀን በሌላ ወረዳ፣ የአንድ ቀን መንገድ ርቀን፣ ሠርግ ላይ ነበርን። ማስታወቂያው የተነገረው ቤት ላለው ሰው ነው። ከገጠር እህል ጭኖ የመጣው ገበሬ፣ ከቆላ ከብቱን ነድቶ ለገበያ የወጣው አርብቶ አደር፣ ከሩቅ የሚመጣው ተሳላሚ፣ እኛም አዝማሪዎቹ፣ ያን ዕለት በከተማዋ ውስጥ ብናድርም በማስታወቂያው ውስጥ አልነበርንም። ጎህ ሳይቀድ በየደጁ የሚያዜሙት ላሊበሎች ለምሳሌ ውሻን የሚፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን በዚያ ጨለማ መርዝ በተበተነበት መንገድ ላይ ከልጆቻቸው ጋር የሚሄዱት እነሱ መሆናቸውን ማን አሰበው?

የእብድ ውሻ በሽታን አቅልዬ እንዳየሁ ተደርጎ እንዳይቆጠርብኝ እፈልጋለሁ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሕመምተኛው የሚተርፍበት ዕድል የለም ማለት ይቻላል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈውም እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ በኩል ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር አለበት፤ ይህን በየሠርጉ ለሰማ ሁሉ እናገራለሁ። ልጆቻቸው ተነክሰውባቸው የሚጨነቁ እናቶችን ፍርሃት አከብራለሁ። የከተማ አስተዳደር ዝም ብሎ ይመልከት አልልም።

ነገር ግን መርዙ የታሰበውን ሥራ እንኳ አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅትም ሆነ የእንስሳት ጤና ድርጅቶች ውሻን በጅምላ መግደል በሽታውን እንደማያጠፋ፣ የሚያጠፋው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶውን በየጊዜው መከተብ መሆኑን ሲናገሩ ቆይተዋል። በ2030 እ.ኤ.አ. በውሻ በሚተላለፈው በዚህ በሽታ የሚሞት ሰው እንዳይኖር የተያዘው ዓለም አቀፍ ዕቅድም የቆመው በክትባት ላይ ነው። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። መርዝ የሚበላው ውሻ መንገድ ላይ የተገኘው ነው፤ የተከተበም ቢሆን ይበላል። የተከተቡት ሲሞቱ በሽታውን ይከላከል የነበረው አጥር ይፈርሳል፣ ሥጋና ቆሻሻ መጣያው ግን እዚያው ስላለ በጥቂት ወራት ውስጥ ከዳር አገር ያልተከተቡ ውሾች መጥተው ቦታውን ይይዙታል። ቻለው በዚያች ከተማ ለአንዲት ሌሊት ያደረ የተከተበ ውሻ ነበር። እሱን መግደል ማንንም ልጅ ከንክሻ አላዳነም። የሞቱትን ውሾች የሚበላው ጥንብ አንሳም አብሮ እንደሚመረዝ መዘንጋት የለበትም፤ የከተሞቻችንን ዳርቻ ያለ ደመወዝ የሚያጸዳልን እሱ ነው።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። በአንድ ወረዳ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ የተሰጠ የክትባት ወረቀት በሌላው ወረዳም እንዲታወቅ፣ ለተከተበ ውሻ ከሩቅ የሚታይ አንድ ዓይነት የአንገት ማሰሪያ እንዲኖር ቢደረግ ወጪውን እኛ ባለቤቶቹ እንሸፍናለን። መርዝ ፈጽሞ እንዲቀር እመኛለሁ፤ እስኪቀር ድረስ ግን ማስታወቂያው ለነዋሪው ብቻ ሳይሆን ለመናኸሪያውና ለየአልቤርጎው ይድረስ። ማታ እንግዳ የሚመዘግብ ሰው «ውሻ አለህ? ዛሬ ማታ ወደ ውስጥ አስገባው» ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ያን ቀን ይህን የነገረን ሰው ቢኖር ገመዱን እናሳጥር ነበር፣ ወይም ከከተማው ወጥተን ሜዳ ላይ እናድር ነበር።

ለአልቤርጎ ባለቤቶችም አንድ ቃል አለኝ። አህያና ውሻ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ከጥንት ጀምሮ የነበረ የአገራችን እንግዳ ነው፤ አራት ሜትር በአራት ሜትር የታጠረ፣ በር ያለው ጥግ ለሚያዘጋጅ ቤት ተጨማሪ ብር ለመክፈል እኔም የማውቃቸው ሌሎች ተጓዦችም ዝግጁዎች ነን። ለሾፌሮችና ለረዳቶች ደግሞ፣ አፉ የታሰረና የተከተበ ውሻ ከባለቤቱ እግር ሥር ተኝቶ ቢሄድ ተሳፋሪን የሚጎዳ ነገር እንደሌለ እንዲረዱልን እጠይቃለሁ። በእኛ በኩል ያለውንም ግዴታ አልሸሽም፤ ውሻን በየዓመቱ ማስከተብ፣ ገበያ መሀል አለመልቀቅ፣ የሰው ደጅ ላይ ሲሆን የባለቤቱን ወግ ማክበር የእኛ ሥራ ነው፣ ይህን የማያደርግ አዝማሪ ካለ ይገሠጽ።

ዳልቻ ቻለው ከሞተ በኋላ ለብዙ ሳምንት ሌሊት ሌሊት አልተኛችም። ባለቤቴም ጅብ ፍራቻ ከአጠገቧ ያድር ስለነበር በማግሥቱ ደጋኑን የሚይዝበት እጁ ይዝላል፤ ሁለት ሠርግ በዚህ ምክንያት ትተናል። አሁን አንዲት ጎረቤታችን ከውሻዋ ግልገሎች አንዱን ሰጥታናለች። ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ ስም አላወጣንለትም። ሦስት ወር ሲሞላው፣ በጥር መጀመሪያ፣ ለመጀመሪያ ክትባቱ ደሴ ወዳለው ክሊኒክ እወስደዋለሁ። ከጥምቀት ማግሥት ደግሞ ለሠርግ እንነሣለን፣ መንገዳችንም በዚያችው ከተማ በኩል ነው። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ወረቀቱን የትኛው ቢሮ ለማን ማሳየት እንዳለብኝ፣ በዚያ ሌሊት መርዝ የሚበተን ከሆነም ከማን እንደምሰማ፣ የሚመለከተው ክፍል በዚሁ ጋዜጣ ላይ እንዲመልስልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንዲት አዝማሪ፣ ከደሴ